የዳልቻ ፍሬን

ደንብ ቁጥር አርባ አንድ ማጠብ ይፈቅዳል። ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ተሽከርካሪ ያለው ሰው ንብረቱን በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በጨርቅ መወልወል፣ በበዓል ቀን አበባ ማሰርና አጠገቡ ቆሞ ፎቶ መነሳት ይችላል። ቡሎን ማጥበቅ አይችልም። ዳዶ ማላላት አይችልም። ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ይችላል፤ ነገር ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚያየው። ይህ ቃል በቃል ደንቡ ላይ ተጽፏል። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ባይታወቅም፣ በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ግሪስ ነክቶት የማያውቅ መሆኑ ያስታውቃል።

ስለዚህ በ2094 ዓ.ም. የኮምቦልቻው ጋሽ ይመር አራጋው ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና ያጥባሉ።

መኪናው ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ከጦር ሠራዊት ግቢ በጨረታ የገዙት ኦራል የጭነት መኪና ነው፤ በስድስት ጎማ የቆመ፣ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ ከባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጥ። አረንጓዴ ቀለሙን ፀሐይ ስለበላችው አመድማ ሆኗል፤ ጋሽ ይመርም ዳልቻ ብለው ስም አወጡለት። ጭነት አይጭኑበትም፣ አያከራዩትም። በሙያቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነበሩ። ጥርስ ሐኪሙ ፊት በማሽን ታትሞ የሚወጣበት ዘመን መጣና ሙያቸው ቀረ፤ እጃቸው ግን ሥራ መፍታት አልቻለም። ጥርስ ይሞርዱበት በነበረው መሣሪያ ለዳልቻ ቡሎን ሞረዱ፣ የጥርስ ብረት ያቀልጡበት በነበረው ምድጃ ነሐስ አቀለጡ። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ አብረው ኖሩ።

ከሰባት ዓመት በፊት ደንቡ ወጣ። ሰዎች መጡና የዳልቻን ቡሎኖች አንድ በአንድ በቀይ ማሸጊያ ቀቡ፤ ከመሪው ሥርም የጫማ ካርቶን የምታክል ጥቁር ሳጥን ገጠሙ። ስሟ ነጋሪ ነው። ቁልፉ ሲዞር በለሰለሰ የሴት ድምፅ፣ «ፍሬን፦ ጤነኛ። ዘይት፦ ጤነኛ። መልካም ጉዞ» ትላለች። የሰማችውን ሁሉ ለጉዞ ሥርዓት ጽሕፈት ቤት ታስተላልፋለች። በመጀመሪያው ዓመት ጋሽ ይመር በአሮጌ ልማዳቸው መኪናውን ዳገት ላይ አቁመው ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ቢያስደግፉ፣ በማግሥቱ «ያልተመዘገበ የማቆሚያ መሣሪያ መጠቀም» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ድንጋዩ ተወርሶ ሄደ። ድንጋይ ነው፤ ከተራራ የወደቀ ድንጋይ። ተፈርሞበት ሄደ።

በመጋቢት ሁለተኛው ቅዳሜ ጋሽ ይመር ሳሙና የበዛበት ባልዲ ይዘው ዳልቻ ሥር ገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አድርገዋል።

«ጫኚው!»

«ጫንኩት።»

«እንዳትለቂው።»

«እስከ መቼ?»

«ልቀቂ እስክልሽ።»

«ይኼ እኮ የሰባ ዓመት እግር ነው ሰውዬ!»

ጋሽ ይመር ጨርቁን አረፋ እያስነከሩ የአየር ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ቀቡ። ሳሙና መቀባት ማጠብ ነው፤ ማንም ማጠብ አይደለም ሊላቸው አይችልም። ባለፈው ወር ለአሮጌ መኪናዎች ሰልፍ ደሴ ወጥተው ሳለ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ባለው ሐረጎ ዳገት ላይ መንገድ ተዘግቶ ቆመው ነበር። ያኔ ፍሬን እንደረገጡ ከበታቻቸው የሆነ የአየር ሲሲታ ሰሙ። ሲመለሱ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተቱ፣ በየኩርባው አላህን እየጠሩ ነው የወረዱት። ሁለተኛ አላህን እንዲያ አላስቸግረውም ብለው ነበር።

የፍሬኑ ቫልቭ አንገት ላይ አረፋው ቀስ እያለ ተነፋ። ፈነዳ። እንደገና ተነፋ።

«አገኘሁሽ» አሉ ጋሽ ይመር።

«መለኪያው እየወረደ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም ከላይ። «አርባ ሰከንድ አልሞላም፤ ቀዩ ጋ ደረሰ።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። ቫልቩ ውስጥ ያለችው፣ ከሳንቲም ጥቂት የምትሰፋ ክብ ላስቲክ ተሰንጥቃለች። ፍሬኑ ለአፍታ ሲረገጥ ይይዛል፤ ተረግጦ ሲቆይ አየሩ ያልቅና እግር ባዶ ይረግጣል። ነጋሪ ደግሞ ፍሬን የምትፈትነው ለሦስት ሰከንድ ነው። የሐረጎ ቁልቁለት ሦስት ሰከንድ አይደለም።

ዓመታዊው ምርመራ ደሴ መግቢያ ላይ ባለው ጣቢያ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሐሙስ ነው። ያልቀረበ መኪና «የተጣለ» ይባልና ወደ መጭመቂያ ይሄዳል። ተጎትቶ የመጣም አልቀረበም ማለት ነው፤ በራሱ ጎማ መምጣት አለበት። መውጣቱን የዳልቻ ሞተር ይችለዋል። ምርመራው አልቆ መውረዱ ነው የፍሬን ጉዳይ።

ጋሽ ይመር እንደ ጨዋ ሰው የጥገና ፈቃድ ጠየቁ። መልሱ ሻይ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ መጣ፦ «ማመልከቻዎ ውድቅ ሆኗል። ነጋሪ ብልሽት አልመዘገበችም። ያልተመዘገበ ብልሽት አይጠገንም።»

ደወሉ። ያነሳችው ሒክማ የምትባል የጣቢያው መርማሪ ነበረች፤ ድምጿ የዋህ፣ ትሕትናዋ የማያልቅ ወጣት።

«ጋሼ፣ ነጋሪ ካልተናገረች እኔ ምን ልበል?»

«እኔ እየነገርኩሽ! በዓይኔ አየሁት እኮ፣ በጆሮዬ ሰማሁት።»

«የእርስዎ ጆሮ አልተመዘገበም ጋሼ።»

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። ይኼው ነው ጋሽ ይመርን ይበልጥ ያንጨረጨራቸው።

«ሐረጎን ታውቂዋለሽ ልጄ?»

«በየቀኑ ነው የምመላለስበት፤ እቤቴ እኮ ኮምቦልቻ ነው። ግን እውነት ለመናገር መንገዱን አይቼው አላውቅም። መኪናው ሲነሳ እተኛለሁ፣ ሲደርስ ይቀሰቅሰኛል።»

ጋሽ ይመር ስልኩን ዘጉ። ሐረጎ ጥግ ላይ እስከ ዛሬ ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ሴቶች እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ፣ ፍየል ይነዳል፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። አሥር ቶን ብረት ፍሬን አጥቶ ኩርባውን ሲስት ማን ላይ እንደሚወጣ ሥርዓቱ አልተጨነቀም። እሳቸው ተጨነቁ። ሳይጠግኑ ቢነዱ ነፍሰ ገዳይ፣ ጠግነው ቢነዱ ወንጀለኛ፣ ባይነዱ ደግሞ የሃያ ስምንት ዓመት ጓደኛቸው ተጨፍልቆ የብረት ክምር ሊሆን ነው። አንድን ሽማግሌ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ማቆም ምን ዓይነት መንግሥታዊ ብልሃት ነው?

«አትሂድ በቃ» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም።

«ካልሄድኩ ይጨፈልቁታል።»

«ብረት ነው ይመር።»

«ብረት እንደሆነማ አውቃለሁ።»

ወይዘሮ ዘምዘም ባላቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና የጥርስ መሞረጃ ቢላዋዎቹ የተጠቀለሉበትን ጨርቅ ይዘው ወጡ። «እንግዲያው እጅህን አጣምረህ አትቀመጥ» አሉ።

ጋሽ ይመር ላስቲኳን የቆረጡት ከአሮጌ የወፍጮ ቤት ቺንጋ፣ ወፍጮውን ከሚያሽከረክረው ቀበቶ ነው። ቺንጋ በውስጡ ጨርቅ ስላለው አይለጠጥም፣ አይሰነጠቅም። ድሮ ለሰው ድድ ልክ ይወስዱ እንደነበረው አሮጌዋን ላስቲክ በሰም ላይ ተጭነው ልኳን ወሰዱ፤ ቆረጡ፤ ጠረዙ፤ ምላሳቸው ላይ አድርገው ጠርዟን ፈተኑ። ጣት የማይሰማውን ሸካራ ምላስ ይሰማዋል፤ ይህ ከጥርስ ሠሪነት የቀረ ልማዳቸው ነው። ቫልቩ ላይ ደግሞ ቀይ ማሸጊያ አልነበረም። ያሸጉት ሰዎች ምን እንደሆነ ስላላወቁ ዘለውት ነበር። እሑድ ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ሠሩት። አሮጌዋን ላስቲክ በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ዕቃ መጣል አያውቁም።

ሳሙና ቀቡ። አረፋው እንደተቀባ ቀረ፤ አልተነፋም።

በቀጠሮው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳልቻ ወይዘሮ ዘምዘምን ጋቢና አስቀምጦ ሐረጎን ተያያዘው። ሾፌር የሌላቸው መኪናዎች በድምፅ አልባነት እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ በውስጣቸው ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቀጥ አሉ። ከላይ የሆነ ቦታ መንገድ ተዘግቷል።

ጋሽ ይመር ፍሬን ረገጡ። ዳልቻ ዳገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ።

ዕውቀት ያለው ሾፌር እንዲህ ባለ ቦታ የእጅ ፍሬን ይስብና እግሩን ያሳርፋል። ጋሽ ይመርም እጃቸው ወደ እጅ ፍሬኑ ሄዶ ነበር። ግን በገዛ እጁ የጠገነ ሰው አመል አለበት፦ ይይዝ ይሆን? ስንት ይይዝ ይሆን? እጃቸውን መለሱና እግራቸውን እንደረገጠ ተዉት።

«ሰዓት ያዥ» አሉ።

«አንድ ደቂቃ» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም። «ሁለት።»

የመለኪያው ቀስት ፍንክች አላለም። በአምስተኛው ደቂቃ ጋሽ ይመር ፈገግ አሉ። በስምንተኛውም አልለቀቁም። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ መንገዱ ተከፈተ።

«ማሻ አላህ! እጅህ ይባረክ» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም፤ ባላቸው ትከሻ ላይ መታ መታ እያደረጉ።

ጋሽ ይመር ከሰባት ዓመት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም። እስከ ጣቢያው ድረስ አንጎራጎሩ።

የጣቢያው ግቢ ወደ ሐረጎ መንገድ ያዘነበለ ሲሆን፣ መውጫው በር ቁልቁል ዋናውን መንገድ ያያል። ሒክማ በስልክ ከነበረችው የባሰች ትሑት ሆና ተገኘች፤ ወይዘሮ ዘምዘምን ደግፋ አወረደች፣ ወንበር አመጣች፣ ውሃ ሰጠች። መሣሪያዋን ከነጋሪ ጋር አገናኝታ ማንበብ ጀመረች።

«ሞተር ጥሩ ነው። መሪ ጥሩ። ፍሬን…» ፊቷ በራ። «ጋሼ፣ ፍሬንዎ እኮ በጣም ግሩም ነው! በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ፍሬን አይቼ አላውቅም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ይመር።

ከዚያ መሣሪያዋ ጮኸ። ሒክማ አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ።

«ባለፈው ወር ሐረጎ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ቆመው ነበር?»

«ቆሜ ነበር።»

«ያኔ አየሩ በአርባ ሰከንድ ውስጥ ወርዷል። ዛሬ እዚያው ቦታ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ተረግጦ አልወረደም።» ዓይኗን ከመሣሪያው ሳታነሳ ቀጠለች። «ፍሬን በራሱ አይሻለውም ይላል ጋሼ። በሰው እጅ ተነክቷል ይላል።»

ጋሽ ይመር መጀመሪያ ስለራሳቸው አላሰቡም። ሌላ ነገር ነው ጭንቅላታቸውን የመታቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ። «በአርባ ሰከንድ ይወርድ እንደነበረ ታውቁ ነበር?»

«እኔ አላውቅም ነበር። ነጋሪ ይዛዋለች።»

«ይዛዋለች! ታዲያ ያልተመዘገበ ብልሽት ያላችሁኝስ?»

«ልኬቱ ተመዝግቧል ጋሼ። ብልሽት ተብሎ አልተመዘገበም። ብልሽት የሚባለው የሦስት ሰከንዱን ፈተና ሲወድቅ ነው።»

«ስለዚህ መኪናዬ ሰው ሊገድል ሲል ዝም ብላችሁ አያችሁኝ። ሰው እንዳይገድል ሳደርገው ያዛችሁኝ!» ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «የወንጀሌ ማስረጃ ፍሬኑ መሥራቱ ነው? ንገሪኝ እስቲ፣ ፍሬኑ መሥራቱ ነው?»

ሒክማ ቅጣቱን አነበበች፦ መኪናው ዛሬውኑ ወደ መጭመቂያ። ስታነብ ድምፅዋ እየወረደ ሄደ። ከዚያ የሆነ መሥመር ላይ ስትደርስ ቶሎ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ አንድ አንቀጽ አለ! ባለቤቱ የተነካውን ክፍል ወዲያውኑ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ከመለሰ ጥሰቱ ይሰረዛል ይላል። አሮጌው ዕቃ አለዎት?»

ጋሽ ይመር በኪሳቸው ላይ እጃቸውን ጫኑ። «አለኝ» አሉ፤ እንደ ተያዘ ሌባ እያፈሩ።

«ይመር፣ መልሰው» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም። «ልክ አይደለም፤ ግን መልሰው። እንዲጨፈልቁት አትተውላቸው።»

የሒክማ መሣሪያ ፈቃዱን በሁለት ደቂቃ አመጣ። ማኅተም ያለበት፣ በጋሽ ይመር ስም የወጣ፣ የቫልቩ ቦታ ሳይቀር በሥዕል የታየበት ፈቃድ ነበር። ለሰባት ዓመት አንድ ቡሎን እንዳያጠብቁ የከለከላቸው ሥርዓት፣ ደህናውን ፍሬን ሊያበላሹ ነው ሲሉት ጊዜም አልወሰደበት። ቁልፍና ካቻቢቴ እንኳ ከጣቢያው መጋዘን አውጥተው ሰጧቸው፤ አዳዲስ ነበሩ፣ ማንም ነክቷቸው አያውቅም።

ጋሽ ይመር ዳልቻ ሥር ገቡ። የቺንጋዋን ላስቲክ አወጡ፣ የተሰነጠቀችውን መለሱ። ሲያበላሹም ቢሆን በደንብ ነው የሚሠሩት፣ አመላቸው ነው። ሲወጡ ሸሚዛቸው በግሪስ ተለቅልቋል። በሕይወታቸው ካጠፉት ጥፋት ሁሉ ይኼኛው የመጀመሪያው ሕጋዊ ጥፋታቸው ነበር።

ሒክማ ቁልፉን አዞረች።

«ፍሬን፦ ጤነኛ» አለች ነጋሪ። «ዘይት፦ ጤነኛ። መልካም ጉዞ።»

መሣሪያው አረንጓዴ ሆነ። ሒክማ በእፎይታ ሳቀች። «አለፉ ጋሼ! ለአንድ ዓመት ታድሷል። ጣቢያው በአሥር ሰዓት ስለሚዘጋ ግን መኪናውን እስከዚያ ከግቢ ማውጣት ይኖርብዎታል።»

ጋሽ ይመር ወይዘሮ ዘምዘምን ሒክማ ባመጣችው ወንበር ላይ ትተው ሾፌሩ ወንበር ላይ ወጡ። ሞተሩን አስነሡ፤ ዳልቻ ግቢውን እያንቀጠቀጠ እስከ መውጫው በር ቀስ ብሎ ሄደና አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ከበታች ሐረጎ በኩርባ በኩርባ ተዘርግቷል፤ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች መንገድ ዳር ዳሩን በቡድን በቡድን ይወርዳሉ። ከዳልቻ ኋላ ምርመራ የጨረሱ ሾፌር አልባ መኪናዎች ተሰለፉ።

«ይንቀሳቀሱ እንጂ ጋሼ» አለች ሒክማ በመስኮቱ በኩል።

«ቤትሽ ኮምቦልቻ ነው አላልሽኝም?»

«አዎ።»

«ሥራም ልትጨርሺ ነው።» ጎንበስ ብለው የጋቢናውን በር ከፈቱላት። «ግቢ። እኔ አደርስሻለሁ።»

ሒክማ የተከፈተውን በር አየች።

«ምነው? ጤነኛ ነው ብላለች እኮ» አሉ ጋሽ ይመር። «የእኔን ጆሮ ተይው፣ አልተመዘገበም። የእሷን ስሚ።» ቁልፉን ዘግተው መልሰው አዞሩት።

«ፍሬን፦ ጤነኛ» አለች ነጋሪ። «መልካም ጉዞ።»

ሒክማ አንድ እግሯን መረገጫው ላይ አደረገች። በየቀኑ ተኝታ የምታልፍበትን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁል ተመለከተችው። ኩርባውን አየች፣ ገደሉን አየች፣ ልጆቹን አየች። እግሯን መልሳ አወረደች።

«ከዚህ ፈቀቅ አልልም» አሉ ጋሽ ይመር። «ከፈለጋችሁ ጨፍልቁት። እኔ ግን በዚህ ፍሬን አልወርድም፤ ማንም እንዲወርድበትም አልፈቅድም። መውጫው በር እንደተዘጋ ይዋል!»

ከኋላ የተሰለፉት መኪናዎች ብዛት ሃያ ደርሷል። ነጋሪ፣ «ጉዞዎን ይቀጥሉ» ማለት ጀመረች። የሒክማ መሣሪያ በእጇ ይጮኻል፤ መውጫው በር ለምን እንደተዘጋ ይጠይቃል። ሒክማ ዝም አሰኘችውና ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ ወደ አጥሩ ሥር ሄደች፤ ጎንበስ አለች። ጋሽ ይመር በመስታወት አዩዋት። በሁለት እጇ ታቅፋ የመጣችው ትልቅ ድንጋይ ነበር። ከዳልቻ ፊተኛ ጎማ ሥር አስገባችውና በጫማዋ እየመታች አጠበቀችው።

ቀና ስትል ዩኒፎርሟ አፈር ሆኗል።

«በሌላኛው በኩልም ያስፈልጋል አይደል ጋሼ?» አለች።